በራችን ላይ ስለተሰቀሉት የናጊሳዋ ከንቲባዎች

ለተከበሩ የወዳጅ ከተሞች ዐውደ ርእይ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ጉልበትዎ ይጽና፤ እንቅልፍዎ ይጣፍጥ፤ ጠዋት ሲወጡም ሆነ ማታ ሲመለሱ የቤትዎ በር በነበረበት ቦታ ይገኝ። ይህ የመጨረሻው ምኞት ያልተለመደ መሆኑን ዐውቃለሁ። እኔም በር በቦታው መገኘቱ ምርቃት የሚያስፈልገው ጉዳይ መሆኑን የተረዳሁት በጽሕፈት ቤትዎ ትጋት ነው።

ክንዱ ወልደ ዮሐንስ እባላለሁ። አራዳ፣ ከአሮጌው ገበያ በታች ባለችው ጠባብ መንገድ፣ ከእናቴ ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል ጋር እኖር ነበር። በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ታሪክ ተምሬ በማዕረግ ተመርቄአለሁ፤ የምተዳደረው ግን ባጃጅ በመንዳት ነው። ይህን የማነሣው ለማማረር ሳይሆን፣ ሁለቱም ሙያዎቼ በጽሕፈት ቤትዎ እጅ ምን እንደደረሰባቸው ለመተረክ እንዲያመቸኝ ነው።

እንደሚያስታውሱት ባለፈው ጥቅምት ከጃፓን፣ ከናጊሳዋ ከተማ፣ እንግዶች እንደሚመጡ በተሰማ ጊዜ ጽሕፈት ቤትዎ የዚያችን ከተማ የከንቲባነት ታሪክ የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ሊያዘጋጅ ወሰነ። የከንቲባዎቹ ፎቶግራፎች ከነታሪካቸው ከዚያው መጡ። በአማርኛ መግለጫ የሚጽፍላቸው ሰው ሲፈለግ አንድ የቀድሞ መምህሬ ስሜን ጠቆሙ። ስልኩ ሲደወል ተሳፋሪ ጭኜ ወደ ማራኪ እየወጣሁ ነበርና ባጃጁን ዳር አስይዤ አቆምሁ። ከተመረቅሁ ጀምሮ በታሪክ ዕውቀቴ የፈለገኝ ሰው አልነበረም። እናቴም ማታ ስነግራት፣ ሸጋ ነገር ነው፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርኸው ለካ ለዚህ ኖሯል አለችኝ።

ስለዚህ አንደኛ፣ ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ።

ሥራውን በፍቅር ሠራሁት። ናጊሳዋ የከተማነት ማዕረግ ባገኘችበት ዘመን ምክር ቤቱ ሦስት ሰዎች ጠቁሞ፣ ከሦስቱ አንዱ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ከንቲባ ይሆን እንደነበር ጻፍሁ። በኋላ ምክር ቤቱ ራሱ መምረጥ እንደጀመረ፣ በትልቁ ጦርነት ጊዜ ሥልጣኑ ተመልሶ ወደ በላይ አካል እንደሄደ፣ ከጦርነቱ በኋላ ግን ሕዝቡ ከንቲባውን በገዛ ድምፁ ይመርጥ እንደጀመረ ጻፍሁ። ከሁሉም ልቤን የወሰደው ኦካቤ የሚባለው ከንቲባ ነበር። በእርሱ ዘመን ጎርፍ ድልድዩን ወስዶት ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር ከከተማዋ ተቆርጦ ቀረ። ኦካቤ በጀልባ ተሻገረና ጠረጴዛውን ማዶ አስቀምጦ ድልድዩ እስኪያልቅ ድረስ ሥራውን ከዚያው ሠራ፤ ጉዳይ ያለው ሹም ሁሉ በጀልባ እየተሻገረ ይመጣ ነበር። ድልድዩም ሳይውል ሳያድር አለቀ። የዚህን ሰው መግለጫ ስንት ጊዜ እየሰረዝሁ እንደጻፍሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

የእንግዶቹ መምጫ ሲቃረብ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በመዶሻ ድምፅ ነቃን። ስወጣ ሠራተኞች በመንገዳችን ዳር የብረት ቋሚ በሲሚንቶ እየተከሉ ቆርቆሮ ይመቱበታል። የሥራው አለቃ አቶ ወንዴ፣ ትሑት ሰው ናቸው፣ ነገሩን አስረዱኝ። እንግዶቹ በዚህ መንገድ ስለሚያልፉ የጭቃ ግድግዳችንና የዛገ ጣሪያችን እንዳይታይ ይከለላል፤ ፎቶግራፎቹም በአጥሩ ላይ ይሰቀላሉ። በራችን የት እንደሚሆን ጠየቅኋቸው። ፕላናቸውን ዘርግተው በጣታቸው ፈለጉና እዚህ ላይ በር እንደሌለ ነገሩኝ። በሩ ከኋላዬ እንዳለ ባሳያቸውም በፕላኑ ላይ ስለሌለ አዘኑልኝ። ባጃጄ ግቢ ውስጥ ነበረች፤ አስቀድሜ ላውጣት ብላቸው ሲሚንቶው ሳይደርቅ ቋሚውን መንካት እንደማይቻል፣ ነገር ግን ሁሉም ለሁለት ቀን ብቻ እንደሆነ አረጋገጡልኝ። የናጊሳዋ ከንቲባዎች በረድፍ ተሰቀሉ። በራችን ላይ የዋለው ኦካቤ ነበር።

የግቢያችንን አቀማመጥ ላስረዳ። በስተኋላ የድሮ መጋዘን የድንጋይ ግንብ፣ በስተግራ ገደል ነው። በስተቀኝ የአቶ ሷሊሕ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጓሮ አለ፤ ሱቁ ፊቱን ወደ ዋናው መንገድ ስላደረገ አጥሩ አልደረሰበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንወጣው በሱቁ የኋላ በር፣ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል ሆነ። አቶ ሷሊሕና ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈህሚያ አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩብንም። እናቴ ግን ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ገዢ እያለ በመካከል ማለፍ ያሳፍራት ጀመር። መጀመሪያ ገበያ መሄድ ተወች፤ ቀጥሎ ለቅሶ መድረስ ተወች፤ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያንም ቀረ። ጠዋት ጠዋት ባጃጇን አስነሥቼ፣ ባትሪዋ እንዳይሞት ትንሽ አስጉረምርሜአት፣ መልሼ አጠፋታለሁ። እናቴም አጠገቧ ተቀምጣ ታዳምጣለች።

እንግዶቹ የመጡት አጥሩ በተተከለበት በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ አየናቸው። ከመካከላቸው ሸብተው ጎንበስ ያሉ አንዲት ወይዘሮ ነበሩ፤ ከአስተርጓሚው እንደሰማነው የከንቲባ ኦካቤ የልጅ ልጅ ናቸው። በአያታቸው ፎቶግራፍ ፊት፣ ማለትም በደጃችን፣ ቆሙ። እናቴ እግር በደጇ ሲቆም እንግዳ መጣብኝ ከማለት በቀር ሌላ አታውቅም። ተነሥታ ቆርቆሮውን በመዳፏ መታች መታች አደረገችና፣ በሩ ተዘግቶብን ነው፣ በሱቁ በኩል ዙሩ አለች።

ወይዘሮዋ ደንገጥ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚው፣ ከኋላ ሰው አለ ወይ ብለው ነው የሚጠይቁት አለ።

ክቡርነትዎ አጠገባቸው ነበሩ። «የለም፤ ባዶ ቦታ ነው» አሉ።

ድምፅዎ ጥርት ያለ ስለሆነ እናቴ አንድ ፊደል አላመለጣትም። እኔ አፌን ሳልከፍት እርስዎ ሰዉን ወደሚቀጥለው ከንቲባ ይዘው አለፉ። ወይዘሮዋ ግን ትንሽ ቆዩ። ቆርቆሮውን ትክ ብለው አዩትና ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ለአያታቸው ይሁን ቆርቆሮውን ለመታው እጅ አላውቅም። እናቴም ከወዲህ በኩል ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች። ከዚያ ተቀመጠችና፣ «ምነው ክንዱ፣ የለም ያሉት እኔን ነው?» አለችኝ።

ሁለተኛ፣ እናቴ ተወልዳ ባደገችበት አገር፣ ልጆቿን ባሳደገችበት ቤት፣ ባዶ ቦታ መሆኗን በውጭ አገር እንግዶች ፊት ስላሳወቁልን አመሰግናለሁ።

ሁለቱ ቀን አለፈ፤ እንግዶቹም በሰላም ተሸኙ። አጥሩ ስላልተነሣ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። አንዱ ባለሙያ ዐውደ ርእዩ ሲያልቅ ይነሣል አለኝ። ሌላው ዐውደ ርእዩ ስለተወደደ ቋሚ እንዲሆን መወሰኑን አበሠረኝ። በማግስቱም አንድ ሠራተኛ መጥቶ አጥሩን ነክቶ የተገኘ በሕግ እንደሚጠየቅ በቀይ ቀለም ጻፈበት፤ ዘበኛም ቆመለት። ሁሉን ትቼ የኦካቤ ፎቶግራፍ ያለበት አንድ ቆርቆሮ ብቻ እንዲነሣልኝ ለመለመን ምክትልዎ ወይዘሮ ምንዳዬ ዘንድ ቀረብሁ። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ በኋላ «እርስዎ ራስዎ የጻፉትን ታሪክ ነው እንዴ አንሡልኝ የሚሉት?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጥሩ ጥሩ መልስ አግኝቻለሁ፤ ያገኘሁት ግን ደረጃውን ወርጄ ከጨረስሁ በኋላ ነው።

ሦስተኛ ብዬ የምጽፈው ከምስጋና ጋር አልገጥም ስላለኝ፣ እንዲሁ የሆነውን ልንገርዎ።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ብርዱ በበረታበት ሰሞን፣ እናቴ እህል ስትለቅም ቆይታ በድንገት ትንፋሽ አጠራት። ከንፈሯ ጠቆረ። እኔ ደንግጬ ብድግ አድርጌ አቀፍኋትና ባጃጇ ውስጥ አስቀመጥኋት፤ ሞተሩንም አስነሣሁ። ፊት ለፊቴ ቆርቆሮ መሆኑ ትዝ ያለኝ መሪውን ከያዝሁ በኋላ ነው። ሞተሩ ይሠራል፤ ነዳጅ አለ፤ እናቴ ከኋላዬ አየር ለማግኘት ትታገላለች፤ እኔ መሪ ይዤ ቆርቆሮ አያለሁ። በሥራ ዘመኔ ስንት ምጥ የያዛት ሴት፣ ስንት ራሱን የሳተ ሽማግሌ ሐኪም ቤት አድርሻለሁ። ያን ጊዜ ግን የት እንደምነዳ አላውቅም ነበር።

ጩኸቴን ሰምተው አቶ ሷሊሕ በጓሮ ዘልቀው መጡ። በወንበር አድርገን ተሸከምናት። የሱቁ የኋላ በር ጠባብ ነውና ወንበሩ መቃኑ ላይ ተቀረቀረ፤ ወደፊትም ወደኋላም አልል አለ። አቶ ሷሊሕ ለአንድ አፍታ በሩን አዩት። ዲጅኖ አነሡና መቃኑን ከነሣንቃው፣ ከጎኑም የግድግዳውን ጭቃ፣ ነቅለው ጣሉት። ወይዘሮ ፈህሚያ ጥቅል ጨርቁን እየገፉ መንገድ ከፈቱ። እናቴ በዚያ ትንፋሿ እንኳ ስለ በሩ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትሞክር፣ አቶ ሷሊሕ ላብ እያጠመቃቸው «አያስቡ እማማ፤ በር ነው፤ ይሠራል» አሏት። ዋናው መንገድ ላይ የሰው ባጃጅ አገኘንና ሐኪም ቤት ደረስን። ሐኪሙ ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች። ስትወጣ ወደ ቤት ላመጣት ሱቁ ደጃፍ ስንደርስ ግን እግሯን ተከለች። ወይዘሮ ፈህሚያ እጇን ይዘው ቢለምኗትም አልገባ አለች። «በሰው ሱቅ ሾልኬ ቤቴ አልገባም። ቤቴ ደጅ ሲኖረው ጥራኝ» አለችኝ። በዚያው ወደ ድብ ባሕር፣ ወደ እኅቷ ወደ ውቢት ሄደች። በየእሑዱ እደውላለሁ። እንደ እናት ደኅንነቴን ከመጠየቋ በፊት፣ ከፈቱት ወይ ትላለች። ገና ነው እላታለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ስለ ዝናብና ስለ እህል እናወራለን።

ባጃጇንም በተመለከተ ሐሳብ እንዳይገባዎ። የአቶ ሷሊሕ ወንድም ጃቢር ጋራዥ ይሠራል። ጓሮ ገብቶ ከእኔ ጋር ፈታታት፤ ጎማውን፣ ሞተሩን፣ ሸራውን፣ በመጨረሻም አጥንቷን በተነቀለው በር አሳልፈን ዋናው መንገድ ላይ መልሰን ገጠምናት። አቶ ሷሊሕ በሩን እስከዚያ ድረስ ሳያሠሩት የቆዩት ለዚሁ ኖሯል። ገጥመን ስንጨርስ ሁለት ብሎን ተረፈን። የየት እንደሆኑ እስካሁን አላወቅንም፤ ባጃጇ ግን ትሄዳለች። ቀን እሠራባታለሁ፤ ሲመሽ ማራኪ አንድ ወዳጄ ግቢ አቆማትና በእግሬ ተመልሼ፣ በሱቁ በኩል አልፌ፣ ባዶ ቦታ ውስጥ እተኛለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ናጊሳዋ ትኑር፤ ከንቲባዎቿም በክብር ይሰቀሉ። ቁመትዋ አጭር የሆነች አንዲት አሮጊት ቀና ብላ የምታልፍበት ያህል ቆርቆሮ ብቻ ይነሣልኝ። ለቀረው ጊዜ የተጠናከረ አጥር፣ የማያልቅ እንግዳና በየደረሱበት ወለል ያለ በር እየተመኘሁ፣ ከግራ በገደል፣ ከኋላ በግንብ፣ ከፊት በክቡርነትዎ የተከበብሁ ታዛዥዎ ነኝ።

ክንዱ ወልደ ዮሐንስ
አራዳ፣ ከአጥሩ በስተጀርባ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት፣ አቶ ወንዴ ሜትር ይዘው መጥተው የአቶ ሷሊሕን ሱቅ ፊት ለፊት ለኩ። ለሚቀጥሉት እንግዶች አጥሩ እስከ ዋናው መንገድ ጥግ እንደሚረዝምና በላዩ የጽሕፈት ቤትዎ ታሪክ ከነኃላፊዎቹ ፎቶግራፍ እንደሚሰቀል ነገሩን። አቶ ሷሊሕ፣ እኛስ በየት እንወጣለን ብለው ጠየቁ፤ እሱ በፕላኑ ላይ እንደሌለ ተነገራቸው። ለክቡርነትዎ ፎቶግራፍ መግለጫ እንድጽፍም ታዝዣለሁ። እስካሁን የጻፍሁት የተሾሙበትን ቀን ብቻ ነው። ምን እንደሠሩ ከዚህ ሆኜ ስለማይታየኝ፣ ቀሪውን በሩ ሲከፈት ወጥቼ፣ ፊት ለፊት እያየሁ እጽፈዋለሁ።