ዱጋልድ እጁን ያነሳበት ስብሰባ

ወንድም ዓለሜ ሮደሪክ፤ ጤናህ እንዴት ከርሟል? ጉልበትህስ ተሻለህ? ሚስትህ ማቪስ ደህና ናት? በጎቹስ? ኒውዚላንድ ውስጥ በግ ከሰው ይበዛል ሲባል ስለምሰማ፣ እነሱን ሳልጠይቅ ባልፍ ቅር ይላቸው ይሆናል። እኔ ደህና ነኝ፤ ከዝናቡ በቀር የምከሰው የለኝም።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ወንድማችን ስለ ዱጋልድ ነው። ለካርንቤግ ክለብ አሥራ አራት ዓመት ተከላካይ ሆኖ እግሩ ያልደረሰበትን ኳስ ሁሉ በቴስታ ሲመልስ እንደኖረ ታውቃለህ። ለአገሩም አንዴ ተሰልፎ ነበር፤ ስኮትላንድ በዚያ ቀን ስለተሸነፈች ሰው ሁሉ በትሕትና ረስቶለታል። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ የከፈተውን መጠጥ ቤት ከደንበኞቹ ጋር ጠጥቶ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ክለቡ የገና ካርድ እንኳ ልኮለት አያውቅም። አሁን ነገር ይረሳል። በቀደም ከማድ ቤት ወደ መኝታ ቤቱ ሲሄድ መንገዱ ጠፍቶት፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

በዚህ መሐል ነው የክለቡ ሊቀ መንበር ሚስተር ክሮምቢ በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ ትኩስ የሥጋ ፓይ ይዞ ከች ማለት የጀመረው። "ዱጊ፣ የኛ አንበሳ!" ይለዋል ከበሩ ጀምሮ። ድመት ብትመነኩስ ዓመሏን አትረሳም አልኩ በልቤ። ሰውየው ሜዳውን ለሱፐርማርኬት ሸጦ ክለቡን ወደ አውራ ጎዳናው ዳር ማዛወር ይፈልጋል፤ አባላቱ ደግሞ እምቢ ብለውታል። የግማሻችን አባቶች አስከሬን ተቃጥሎ አመዱ የተበተነው ከጎሉ ጀርባ ነዋ! የኛም አባት እዚያው ነው። ዱጋልድ "ይሸጥ" ካለ ግን ማን ይከራከረዋል? የሚረሳ ሰው በፓይ ደልለው አባታችንን ሊያሸጡት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ዱጋልድን ሰውየው ምን እንደሚለው ብጠይቀው "ስለ አየሩ ነው የምናወራው" አለኝ። ካርንቤግ ውስጥ ስለ አየር ብዙ የሚወራ የለም፤ ዘነበ ተብሎ ያልቃል።

ሐሙስ ዕለት ስብሰባው ተጠራ። ጎረቤታችን ግሪዘል "ዕድሜዬን የቆምኩበትን ሜዳ ለቲማቲም? መጀመሪያ እኔ ልሙት!" ብላ ጮኸች። ከኋላ አንዱ "አንቺማ ከቲማቲሙ በፊት ትበሰብሻለሽ!" አላት። ክሮምቢ ዱጋልድን አወድሶ አወድሶ እንዲናገር ሲጋብዘው፣ ቀድሜ ተነሳሁና "ወንድሜ ታሟል፤ የሚናገረው የራሱ አይደለም" አልኩ። ዱጋልድ ኮቴን ጎተተኝ። "ቁጭ በይ ኢሶ። ክሮምቢን ያስጠራሁት እኔ ነኝ" አለኝ።

ከዚያ ቆሞ እንዲህ አለ፤ "ያ ኳስ ቆዳ ነበር። ሲዘንብ ድንጋይ ይሆናል፤ የማይዘንብበትስ ቀን መቼ ነበር? እኔ በቴስታ ስመታ እናንተ ታጨበጭባላችሁ። ዛሬ የመኝታ ቤቴን በር እየፈለግሁ ነው። ሽጡት። ቲማቲም በቴስታ የሚመልስ የለም።"

"አባትህስ፣ ዱጊ?" አለ ያው የኋላው ሰው፤ ድምፁ ግን ቀዝቅዟል።

"አባቴ 'በቴስታ!' እያለ የሚጮኸው ከዚያው ከጎሉ ጀርባ ነበር። በቂ ጨዋታ አይቷል" አለና እጁን አነሳ።

ማንም አልሳቀም። እምቢ ልል የሄድኩት እኔም እጄን አነሳሁ፤ ግሪዘል እንደ ከሃዲ አየችኝ፤ ቆይታ ግን እሷም አነሳች፤ ሌላውም ተከተለ። ሜዳው ተሸጠ ማለት ነው። ክሮምቢን አሁንም አላምነውም፤ ድል ያደረገው እሱ ይመስል ከሁሉ ሰው ጋር ይጨባበጥ ነበር።

በጸደይ መሬቱ ከመቆፈሩ በፊት የአባታችን አመድ ያረፈበትን አፈር እናነሳለን፤ ታላቃችን አንተ ነህና የት እናሳርፈው? ሌሎቹ ወደ አዲሱ ሜዳ ሊወስዱ ነው። ዱጋልድ ግን "እሱን እዚያ እንዳትወስዱት፤ እዚያም ልጆች ይጫወታሉ" ብሎኛል።

ማቪስን ሳምልኝ። ለልጅህ ለአላስዴርና ለሚስቱ ለሮዊና ሰላምታዬ ይድረስ። ለልጅ ልጅህ ለኪትም እንዲሁ፤ ጭንቅላት ለጭንቅላት የሚጋጩበትን ራግቢ መጀመሩን ለዱጋልድ አልነገርኩትም።

እህትህ ኢሶቤል
ካርንቤግ፣ ፋይፍ
ኖቬምበር 17 ቀን 1991 እ.ኤ.አ.