እማዬን ያረመ እጅ

ቅዳሜ

ወጌሻ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ አረጋገጥኩ። እማዬ ዓመት ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ «ጉልበቴን ልታሽ» እያለች ከሚዛን አማን ድረስ የምትሄደው ውሸቷን ነበር።

የነገረኝ የባጃጁ ሹፌር ነው። ከገበያ ሲመልሰኝ «ነፍስ ይማር፣ ቲቸር እኮ ደንበኛዬ ነበሩ» አለኝ። «ወጌሻዋ ጋ?» ስለው ግራ ገባው። «የምን ወጌሻ? ጸሎት ቤቱ አጠገብ ነበር የማወርዳቸው።»

የጴንጤዎቹን ማለቱ ነው። እማዬ! ሠላሳ ምናምን ዓመት ስታስተምር ከቅዳሴ ያልቀረች፣ የማርያምን ማኅበር አንድ ወር ያላስታጎለች ሴት። ማክሰኞ አርባዋ ነው። ሃይማኖቷን ቀይራ ከሆነ ለማን ነው ተዝካር የማወጣው?

የቀሩኝ ነገሮች፦ ድንኳን፣ የዕድሩ ሰሃን፣ በርበሬ ማስፈጨት፣ ለካህናቱ መንገር። አሁን ደግሞ ይሄ።

«አንቺ መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» ትለኝ ነበር። ይኸው ሆንኩልሽ።

እሑድ

ፍራሿ ሥር ደብተር አገኘሁ። ጽሑፉ የእሷ ነው፤ ያንን ቀጥ ያለ ፊደሏን የሚዛን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ቋንቋው ግን አማርኛ አይደለም። የአገሬው ቋንቋ፣ ቤንችኛ ይመስለኛል። እዚሁ ተወልጄ ባድግም የማውቀው ሰላምታና የገበያ ቁጥር ብቻ ነው። ጸሎት ይሆን? መዝሙር?

ከሁሉ የገረመኝ ቀይ እስክሪብቶው። መስመሩ ሁሉ ኤክስ በኤክስ። ላዩ ላይ ደግሞ ከአሥር ሦስት። የኔ እናት ሦስት! እማዬን ማን ነው የሚያርማት? ደሜ ፈላ።

የማኅበር ጓደኛዋ እትዬ ዘነበች ምስር ልትለቅምልኝ መጥታ ነበር። ደብተሩን አላሳየኋትም፣ እሷ ግን ከራሷ ጀመረች። «አፌን ቁርጥ ያርገውና፣ ለቅሶው ላይ ያቺ ከኛ በላይ ያለቀሰችው ሴት ማን ናት? ጥቁር እንኳን ያልለበሰችው?» አስታወስኳት። «ቲቸሬ፣ ቲቸሬ» እያለች አልቅሳ እህል ሳትቀምስ ነው የወጣችው። «ማርታ ትባላለች፣ አማን ልብስ ሰፊ ናት። የእነዚያ ወገን ናት። የእናትሽ የነፍስ አባት ይሄን ቢሰሙ…» ብላ ምስሯን ቀጠለች። እሷ ጋ የገባ ወሬ እስከ ማሻ ከተማ ይሰማል።

ከሰዓት ልጄ ማህሌት ደብተሩን አየችው። ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ከፊደል ጀምሮ ያስጠናቻት አያቷ ናት። «ይሄ እኮ የአያቴ ነው!» ብላ ቀማችኝና አፏን ዘጋች። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ። «ማርያምን አልናገርም፣ ቃል ገብቻለሁ።» ልጄንም ይዛት ትሄድ ነበር ማለት ነው?

ሰኞ

ከሥራ አስፈቅጄ አማን ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ፣ ማርታ በሯ ላይ ቡና በሸራ እያሰጣች ነበር። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «እናቴን ምን አድርጋችኋት ነው?» አልኳት።

አልተቆጣችም። «ግቢ፣ የቲቸር ልጅ» አለችኝ። ልክ እንደማስታውሰው ልጻፈው፦

«ሁለተኛ ክፍል ሆኜ፣ በቤንችኛ ሳወራ ሰምተውኝ ጠጠር ላይ አንበርክከውኛል። ያኔ ክፍል ውስጥ ክልክል ነበር። አምና መጡና እዚህ በር ላይ ቆሙ። “ማርታ፣ ተማሪ ትቀበያለሽ? የልጅ ልጄ ቤንችኛ ጀመረች። ሌላውን ሁሉ አስጠናታለሁ፣ በዚህ ግን አፌን ይዤ ቀረሁ” አሉኝ። “መጀመሪያ ግን እኔንም አንበርክኪኝ” አሉ። ኧረ በኢየሱስ ስም! ወንበር ሰጠኋቸው።»

ጸሎት ቤቱ ጎረቤቷ ነው። እማዬ አንድ ቀን ደጁን አልረገጠችም።

«ታዲያ እኔን ለምን ደበቀችኝ?» አልኩ። ማርታ መልስ ከመስጠቷ በፊት ከምትሰፋው ልብስ ላይ ክር ቆረጠች። «ልጄ ትስቅብኛለች ብለው ነው። ትንሽ ልጎብዝና እነግራታለሁ ይሉ ነበር።»

ትዝ አለኝ። ማህሌት የቤንችኛ መጽሐፏን ከትምህርት ቤት ይዛ የመጣች ቀን «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል? ሒሳብሽን ሥሪ» ብዬ ስቄያለሁ። እማዬ አጠገቤ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። በባጃጅ ስመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ማክሰኞ

አርባው ወጣ። ፍትሐቱ ደረሰ፣ ሰው በላ፣ እግዜር ይመስገን። ማርታ ዛሬ ጥቁር ለብሳ መጣች። ሆን ብዬ እትዬ ዘነበች አጠገብ አስቀመጥኳትና ሰው ሁሉ እንዲሰማ «የእማዬ አስተማሪ ናት» አልኩ። እትዬ ዘነበች ጉርሻዋ እጇ ላይ ቀረ።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይበላኛል። ማርታ ያን ከአሥር ሦስት ለእማዬ ስትሰጣት ደስ ብሏት ይሆን? ቂሟን እየተወጣች ቢሆንስ? አመል ነው፣ ምን ላድርግ።

ረቡዕ

ከማህሌት ጋር ማርታ ዘንድ ሄድን። የበላኝን ጠየቅኳት፤ ካልጠየቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

«የመጀመሪያ ቀን? አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኛል» አለች ማርታ። «በሳምንቱ የተሳሳቱትን እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ ጽፈው መጡ። ከዚያ በኋላ ሲሳሳቱ እኔን ያመኝ ጀመር።»

የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ሳይታረም ቀርቷል። ስለ ቤተሰብ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ የሚል የቤት ሥራ ነው። እማዬ ለማረሚያው ረቡዕ አልደረሰችም። ማርታ እያነበበች በአማርኛ ነገረችን፦

የልጅ ልጄ ማህሌት ትባላለች። ጎበዝ ናት። ልጄ ተጠራጣሪ ናት። ሆዷ ግን ቂም አያውቅም። አንድ ቀን እዚህ ትመጣለች።

ማህሌት «ተጠራጣሪ» ሲባል ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቅቶኝ «በይ አርሚላት» አልኳት ማርታን።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሳች። አራቱ ላይ ልክ ልክ አደረገች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝና እሱም ላይ ልክ አደረገችበት።

«መጥተሻል አይደል?» አለችኝ።