በሐጋ ያልተጣለ እንቁላል

ሐምሌ 28

ሁለት እንቁላል። አንድ ከቀይቷ፣ አንድ ከገብስማዋ። ጥቁሯ ግቢውን በጩኸት አናውጣ አንድም አልጣለችም። እሷ ወሬ ብቻ ናት።

ነፋሱ ጀመረ። አከራያችን ማርያን «ሐጋ ገባ» አለች፤ የዚህ አገር የነፋስ ወራት ነው። ጅጅጋ ስላደገች አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። ሐጋ ሲገባ መስኮት መክፈት የለም፣ ልብስ ማስጣት የለም... አሸዋው ጥርሴ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።

ፍልሰታ ሊገባ ነው። እንቁላሉን ስንዴ ውስጥ ቀብረን እናቆያለን፤ ጾሙ ሲፈታ እኔ፣ ክፍል የምትጋራኝ ኤፊና እዚሁ ግቢ የሚኖሩት ጋሽ ፈንታሁን አብረን እንፈስክበታለን። የዶሮ ቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ጋሽ ፈንታሁን ደግሞ ጾም ነጋሪያችን ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ሐርጌሳ ደወላችን እሳቸው ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ በር እያንኳኩ «ነገ ጾም ነው» ይላሉ። የምንረሳ ይመስል።

ነሐሴ 3

ትናንት አንድ። ዛሬም አንድ።

ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያድራል። እኔ ያልተኛሁ ዶሮዎቹ እንዴት ይተኛሉ? ላባቸው ወደ ኋላ ተገልብጦ ጥግ ተጠጋግተው ይውላሉ። ጥሬ ብበትንላቸው ነፋሱ ቀድሟቸው ይወስደዋል። ውሃቸው ላይ አቧራው እንደ ስልባቦት ተጋግሯል። ደፍቼ ቀየርኩት፣ ተመልሶ ያው።

ጋሽ ፈንታሁን ግንበኛ ናቸው። ከሚሠሩበት ቦታ አሮጌ ሸራ ያምጡልኝ፣ ነፋሱን ልከልልላቸው ብዬ ለመንኩ።

«ዶሮ ነፋስ ስትፈራ የት አየሽ?»

ፈራች መቼ አልኩ...

ነሐሴ 5

ባዶ።

ጋሽ ፈንታሁን ከሥራ ሲገቡ ስንዴውን በእጃቸው ፈተሹ፤ ሁለት ብቻ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «እስከ ጾሙ ዋዜማ በቀን ሁለት ይጥሉ የነበሩ ዶሮዎች፣ ጾም ሲገባ ቀንሰው ጨርሶ አቆሙ?»

«ነፋሱ ነው ጋሼ።»

«እኔ ደብረ ብርሃን ዶሮ አርብቻለሁ። በነሐሴ ዶሮ የሚያቆመው በብርድና በጭቃ ነው። እዚህ ብርድ አለ? ጭቃ አለ?»

የለም አልኩ። የለማ። ሰውየው ሐርጌሳ ተቀምጠው ሰማዩን የሚያዩት ደብረ ብርሃን ነው። እዚህ ነሐሴ ሌላ ነሐሴ ነው ብል ማን ይስማኝ?

ይኼ አነሰና ኤፊ፣ አንድ ክፍል የምንጋራው ኤፊ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል «ስትገቢ እኮ እንቁላል እንቁላል ትሸቻለሽ» አለች።

እሸታለሁ። የምሠራበት ወጥ ቤት በየማለዳው እንቁላል የሚጠብሰው ማን ሆነና? ሌላው እየጎረሰ ምራቄን እየዋጥኩ የምውለው እኔ። ይህን እያወቀች...

ነሐሴ 6

ቁልፉን ተቀበሉኝ። «ለጊዜው ኤፊ ትያዘው» አሉ፣ በትሕትና። ከሁሉ ያቃጠለኝ ትሕትናቸው ነው። ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ጾም ገደፈች ነው ያሉኝ። በፍልሰታ። ሕፃን እንኳ በሚጾመው ጾም። በሰው አገር ከስሜ ሌላ ምን አለኝ?

ነሐሴ 7

ውዳሴ ማርያም ስናደርስ ኤፊ ከአጠገቤ ተነስታ በሩ ጋ ተቀመጠች።

ነሐሴ 9

ኤፊ «ሁለት እንቁላል!» እያለች ገባች። ጋሽ ፈንታሁን እኔን ሳያዩ ስንዴውን ገለጥ አደረጉላትና «እንግዲህ ቁልፉ ሲቀየር ነፋሱም ቆመ ማለት ነው» አሉ። ነፋሱ ያን ጊዜ በሩን ሊገነጥለው ነው። አይሰሙም?

ለማርያን ነገርኳት። «በሐጋ ያንቺ ዶሮዎች ብቻ መሰሉሽ? የኔም አቁመዋል። ወላሂ፣ የወንድሜ ግመሎች እንኳ ወተት ቀንሰዋል» አለች።

«ንገሪያቸው» አልኳት።

«ሙስሊም ነኝ። በጾማችሁ ምን ጥልቅ አደረገኝ?»

ልክ ናት። ልክ መሆኗም አናደደኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እስኪጠራ ድረስስ ሰው ምን ሆኖ ይቆይ?

ነሐሴ 10

ዛሬ ሥራ የለም። ሁለቱም ሲወጡ ስንዴውን ገለጥኩት። ኤፊ የጨመረቻቸው ሁለቱ ነጭ ናቸው። ትልልቅ። የኛ ዶሮዎች ትንንሽ ቡናማ ነው የሚጥሉት፤ ነጭ ጥለው አያውቁም። አንዱ ላይ በሳሙና ታሽቶ ያልለቀቀ ቀይ ነገር አለ። የሱቅ ማኅተም።

ኤፊ ስትገባ እንቁላሉን ብቻ አሳየኋት። አለቀሰች።

«እኔም ባዶ ሳገኝ ነገ ደግሞ በኔ ላይ ይዞራሉ ብዬ ነው። ምን ላድርግ?»

«በኔ ላይ ሲዞሩስ?»

«አንቺ ትችይዋለሽ፣ ብርቄ።»

እችለዋለሁ። ማን ጠይቆኝ? ጉልበት ያለው መስሎ የታየ ሁሉ ይጫንበት የሚል የት ተጽፏል?

እስከ ፍስኩ ቀን ድረስ ራስሽ ንገሪያቸው አልኳት። እሺ አለች። እየማለች።

ነሐሴ 14

ከቀትር በኋላ ዘነበ። ነፋሱ ድንገት ጸጥ አለ። ጆሮዬ እንኳ ግራ ገባው። ዶሮዎቹ ወጥተው እርጥቡን መሬት ሲጭሩ አመሹ፣ ላባቸው ወደ ቦታው ተመልሷል።

ኤፊ አልተናገረችም።

ነሐሴ 16

ፍስክ። ጋሽ ፈንታሁን ጸሎት አድርሰው የእንቁላሉን ሳህን ወደኔ ገፉት። «ብርቅነሽ፣ መቼም እጅሽ ያውቅበታል። ጥበሺልን።»

ያውቅበታል አሉኝ። ኤፊን አየኋት። አቀርቅራለች። ማኅተም ያለበትን አንስቼ እጃቸው ላይ አኖርኩት።

«ጋሼ፣ ይቺን የጣለችው የትኛዋ ናት?»

አገላበጡት። ወደ መስኮቱ ወስደው አዩት። ኤፊ ቀና ሳትል «ከሱቅ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ከመጣ ወዲህ አንድም አልጣሉም» አለች።

ጋሽ ፈንታሁን ግን የዞሩት ወደኔ ነው። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎታለሁ። ነፋሱ ነው ብዬ።»

«የሰይጣን ሥራ ነው» አሉ። ሰይጣን ምን አደረገ? ሥራው የደብረ ብርሃን ነው። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ቁልፉን ከኤፊ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አላነሳሁትም። እንቁላሉንም አልቀመስኩም።

ነሐሴ 20

ሸራ ተሸክመው መጡ። ሳያናግሩኝ በነፋሱ በኩል ሲቸነክሩ አመሹ። አሁን? ነፋሱ ከሄደ በኋላ?

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ አቧራ ለብሷል። ዶሮ ቤቱ ሳይቆለፍ ያድራል።

ነሐሴ 24

ትናንት ማታ የኛን በር ሳያንኳኩ አለፉ። ጾም ነው ብሎ ለኔ መንገር አሳፈራቸው መሰለኝ። ይፈሩ። ደግ አደረጉ።

ነሐሴ 29

በማለዳ በር ተንኳኳ። ጋሽ ፈንታሁን ናቸው፣ ሁለት እጃቸውን ገጥመው ቆመዋል። ውስጡ እንቁላል። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ላባ የተለጠፈበት። ገና ይሞቃል።

«ቀይቷ ጣለች» አሉ። «ብርቄ፣ የመጀመሪያው ላንቺ ነው። አሁኑኑ ቀቅለሽ፣ እኔ እያየሁሽ ብይልኝ።»

ብርቄ ብለውኝ አያውቁም። ድምፃቸው ተሰባብሯል። ልቤ ሊራራ ሲል...

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።»

እንቁላሉን እንደያዙ ቀሩ። ተቀበልኳቸውና ስንዴው ውስጥ ቀበርኩት። ለነገ።