ያልተከፈተው ኡድ

ጥር 6

ያለ ወቅቱ ዝናብ። ያጠብኩት ልብስ ሳይደርቅ ቀረ። ከሥራ በኋላ እንደ ወትሮው ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ የማይገጥመው ክፍል። ከአሮጌው ኡድ፣ ከዚያ ሆዳም የዓረብ ጊታር ጋር ቆየሁ። የወፍራሙ ክር ድምፅ ዛሬ ሌላ ነበር... ብቻዬን ሳቅኩ። ለዓመቱ ዝግጅት መድረክ ላይ ለብቻዬ የምጫወተው እኔ ነኝ። መምህሩ አፉን ሞልቶ ነግሮኛል።

ጥር 9

መምህሩ አዲስ ኡድ አስታቀፈኝ። ለተማሪ የሚሠራ ዓይነት፣ ቫርኒሹ ገና ይሸታል። አሮጌውስ? ለእህቱ ልጅ። መድረኩስ? እሱም ለእህቱ ልጅ።

«አይዞሽ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ። በምንም ትጫወቻለሽ።»

«እሱስ ጋሼ? እሱ በምንም አይጫወትም?»

«ምላስሽን ሰብስቢ» አለኝ እየሳቀ። ያንገበገበኝ መሳቁ ነው።

ጥር 10

አሮጌው መጀመሪያ እጄ ሲገባ እሱም አዲስ ነበር፤ ድምፁ የታፈነ። አዲስ ኡድ ዝግ ነው። እንጨቱ የሚከፈተው ሲመታ፣ በየቀኑ ሲመታ፣ ዓመታት ሲመታ ነው። አራት ዓመት መታሁት። አሮጌ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ሕግ ተምሬያለሁ። ኡዱ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፣ አልክድም። ድምፁስ? የትኛው አንቀጽ ሥር ልፈልገው?

እማ እራት ላይ፦ «ተዪው ልጄ። በሆድሽ ያዢው።»

«ሆዴ ሞልቷል እማ።»

«እንግዲያው እራትሽን ወዲህ በይ» ብላ ሳህኔን ሳበችው። ሳልወድ ሳቅኩ።

ጥር 17

የእህቱ ልጅ አሮጌውን ወንበር ላይ ጥሎት ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረግኩ። አንዱን ዜማ በሁለቱም።

የአዲሱ ክሮች ከአንገቱ ርቀው ተወጥረዋል። ለመጫን ጣት ሳይሆን ጡንቻ ይፈልጋል። መቃኛዎቹ ይንሸራተታሉ፤ አንዱን ክር ሳስተካክል ሌላው ይላላል። ወፍራሙ ክር ጉንፋን እንደያዘው ሰው ከአፍንጫው ነው የሚያወራው። አሮጌው ከደረቱ ያወራል። እጄም ሳላዘው ቦታውን ያውቃል...

ግን እውነቱን ልጻፍ። ቀጭኑ ክር ላይ አዲሱ ይሻላል። ጥርት ይላል። አሮጌው እዚያ ጋ ሁልጊዜ ጥዝዝ ይላል፤ ስሰማ እንዳልሰማ ሆኜ ኖሬያለሁ። ይህን መጻፍ ለምን ከበደኝ?

የካቲት 2

ጣቶቼ ቆሰሉ። ቢሮ የኮምፒውተር ቁልፍ ስመታ እንኳ ያመኛል።

የካቲት 11

ዝግጅቱ ዛሬ ነበር። ከመጋረጃው ኋላ መምህሩ አሮጌውን ይዞልኝ መጣ። «ለእህቴ ልጅ ቃኚለት። እሱ መቃኘት አልቻለም።»

ለእኔ። ለእኔ አመጣው።

አንድ ክር ትንሽ ባላላ ማን ያውቅ ነበር? ላደርገው ነበር። ጣቴ መቃኛው ላይ ነበር። እጄ እምቢ አለ። አሳምሬ ቃኘሁት፣ ሰጠሁት።

የእህቱ ልጅ ሁለት ቦታ ሳተ። ኡዱ ሸፈነለት። ጭብጨባው አልቆም አለ። ከጎኔ የቆመችው ከበሮ መቺ «እጁ ወርቅ ነው» አለችኝ።

«ኡዱ ነው» አልኩ።

«አንቺ ምቀኛ» ብላ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። 

የካቲት 20

ርእሰ መምህሯ ቢሮ ገባሁ። ንግግሬን ደረጃውን ስወጣ አጥንቼዋለሁ... ፍትሕ፣ ድካም፣ ቃል። ግማሹ ላይ አቋረጠችኝ።

«መምህርሽ እኮ ስለሚያምንብሽ ነው። አዲስ ኡድ እንዳንቺ የሚከፍትልን የለም። ይሄኛውም ድምፁ ሲመጣ ለአንዱ ተማሪ እንሰጠዋለን፣ አንቺ ሌላ አዲስ ትወስጃለሽ።»

ማመስገኗ ነው። ከልቧ ነው የምታወራው። እኔስ ለዚህ ኖሯል የምፈለገው? እየከፈትኩ ላስረክብ?

«አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። ለምን አመሰገንኩ?

የካቲት 23

አልሄድኩም።

የካቲት 24

ሄድኩ። ሌላ የት እሄዳለሁ? የራሴ ኡድ የለኝም። ስለ ሕግ ሰዓት ሙሉ መከራከር እችላለሁ፤ ሳልጫወት መዋል ግን አልቻልኩም። ይህን ያውቃሉ። ለዚህ ነው በር እንኳ የማይቆልፉብኝ።

መጋቢት 15

ቅዳሜ፣ ምሳ ሰዓት፣ ፎቁ ባዶ። እንደ ልማዴ የአዲሱን ወፍራም ክር መታሁ... ከደረቱ መለሰልኝ፤ አሮጌው ዓመታት የፈጀበትን ይሄ በሁለት ወሩ። እንደገና መታሁ። እንደገና። ከሆዴ ጋር የተጣበቀው ጀርባው ሲነዝር ተሰማኝ። ቀጭኑም እንደጠራ ነው። አሮጌው በጥሩ ቀኑ እንኳ እንዲህ አልነበረም። አለቀስኩ መሰለኝ። ከደስታ ብቻ ነው እንዳልል...

ደረጃው ላይ የመምህሩን ጫማ ሰማሁ።

ክንዴን የኡዱ ፊት ላይ ተጫንኩ፣ አፈንኩት። ጣቴንም ሆን ብዬ አሳሳትኩ። በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ።

«እስካሁን አልተከፈተም?»

«ገና ነው ጋሼ።»

ትንሽ አዳመጠ። «አንቺም ደክመሻል። እንዲህ አልነበረም አጨዋወትሽ።»

ምላሴ ጫፍ ላይ ስንት መልስ ነበር። ሁሉንም ዋጥኩ። «አሁን እንዲህ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ነገ ለሁሉም ይነግራል፤ እጇ ሞቷል ይላል። ይበል። ደረጃውን ወርዶ እስኪጨርስ ድረስ እንደ ጀማሪ እየተንገዳገድኩ መታሁለት። ከዚያ ክንዴን አነሳሁ።