ለሞቃት ከተማችን ስለታዘዘልን የክፍል ማሞቂያ

ለተከበሩ የምግብ ማቀነባበሪያዎች ብቃት ማረጋገጫ መምሪያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ከፊትዎ በቀረብኩ ጊዜ ከራስዎ በላይ የተሰቀለው ማቀዝቀዣ በርትቶብዎት ሹራብ ደርበው ስላየሁዎት፣ ብርዱ ጎድቶዎት ይሆን እያልኩ ከልቤ ስሰጋ ከርሜያለሁ። እኛ ደህና ነን። ያልበናል እንጂ ደህና ነን።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አሁን ከባለቤቴ እህት ጋር ማንጎ እናደርቃለን። ይህችን ሴት ሠፈርተኛው «ጠቅላይ» ይላታል፤ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ቢያገኟት ያለ እኔ ማብራሪያ ይገባዎታል። በከተማችን ማንጎ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ላይ ነው የሚደርሰው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ማንጎው በላተኛ ያጣል፤ የቀረውን ዓመት ደግሞ በላተኛው ማንጎ ያጣል። በየቦዩ ሲበሰብስ ማየት ስለመረረን፣ የቀድሞ ተማሪዬ የሆነ አንድ በያጅ ጣሪያው ላስቲክ የሆነ ማድረቂያ ቤት ሠራልን፤ እኛም ዘጠኝ ሴቶች ቀጠርን። በዋናው ከተማ ያለ አንድ አከፋፋይ ያደረቅነውን ቀምሶ፣ «የመምሪያውን ምስክር ወረቀት ብቻ አምጡ፤ ያላችሁን ሁሉ እወስዳለሁ» አለን። ወደ እርስዎ የመጣነው በዚህ ደስታ ሰክረን ነበር። ከስካራችን ስላነቁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ተቆጣጣሪ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ከነከረባቱ የመጣ፣ ጨዋና ትሑት ወጣት ነው። በዚያ ቀን ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነበር። ስልሳ አራት ጥያቄ ያለውን ቅጽ ዘርግቶ ውሃችንን፣ ቢላዋችንን፣ የእጅ መታጠቢያችንን አንድ በአንድ ካየና ካመሰገነ በኋላ፣ ልብስ መቀየሪያዋ ክፍል ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። «እማማ፣ ማሞቂያው የታለ?» አለኝ። እኔም ጆሮዬን ተጠራጥሬ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ በኩራት አሳየሁት። «እሱማ ያቀዘቅዛል፤ እዚህ የሚለው ማሞቂያ ነው» አለና አነበበልኝ፦ የሠራተኞች ልብስ መቀየሪያ ክፍል በማሞቂያ የሚሞቅ፣ መስኮቱ ድርብ መስታወት ያለው፣ ጣሪያው የበረዶ ክምር የሚሸከም ይሁን፤ በመግቢያው በር የበረዶ መዛቂያ አካፋ ይሰቀል። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት እኛ በረዶ የምንለው ቆርቆሮ ደብድቦ፣ ሕፃን አስለቅሶ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ውሃ ሆኖ የሚሄደውን ነው። ቅጹ የሚለው ግን እንደ ጥጥ የሚወርደውንና ወር የሚቀመጠውን ነው። «ልጄ፣ እንዲህ ያለውን በረዶ አይተህ ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «በፊልም» አለኝ። ወዲያው ላቡ ጠብ ብሎ ጥያቄ ቁጥር አርባን አበላሸው።

፪. ጊዜዎን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቴም ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በአራተኛው ግን በር ላይ ስለተጋጠምን የሚያመልጡበት አጡ። ጉዳዬን በትዕግሥት ሰምተው፣ «መስፈርቱ ዓለም አቀፍ ስለሆነ የአየር ንብረትን አይመለከትም» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሉል እያዞርኩ፣ ፀሐይ ለምን በእኛ ላይ ቀጥ ብላ እንደምትወርድ ለልጆች ሳስረዳ ጉሮሮዬ ነድቷል። እርስዎ ሁሉንም ተቀምጠው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ቀጥለውም «እርስዎ ያሟሉ፣ እኛ እናያለን» ብለው ሸኙኝ። ያን ጊዜ ከስድስቱ የማንጎ ሳምንታት ሁለቱ አልቀው ነበር፤ ከዘጠኙ ሴቶችም ሁለቱ ሥራ ፍለጋ ሄደው ነበር።

፫. ትእዛዝዎን ለመፈጸም ባደረግነው ጥረት ብዙ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። የክፍል ማሞቂያ ልንገዛ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ስንገባ ባለሱቁ ደንግጦ «ማን ታሞ ነው?» አለን። በያጁ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ፈትቶ ራሱ ሠራልን። የጣሪያው ነገር ሲመጣ ግን መዶሻውን አስቀምጦ «ቲቸር፣ በረዶ ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አስልቼ ነገርኩት። በያጁ ብረት ጨማምሮ ሲያበቃ ጣሪያው ላይ የአሸዋ ጆንያ ደረደርን፤ ጠቅላይም «ጆንያ አይመሰክርም» ብላ በመሰላል ወጥታ መሃሉ ላይ ተቀመጠችበት። ጣሪያው ሳይንቀጠቀጥ ችሏታል፤ ከዚያ ወዲህ የትኛውም በረዶ አያሰጋንም። መስኮቱን ድርብ መስታወት አለበስነው፤ አካፋውንም በሩ ላይ ሰቀልን።

ተቆጣጣሪው ተመልሶ መጣ። ክፍሏ ማሞቂያው ሳይበራ ሠላሳ አራት ዲግሪ ነበረች። ሆኖም ደንቡ «በማሞቂያ» ስለሚል፣ ተዘግታ ማሞቂያው ሠላሳ ደቂቃ በርቶ መለካት ነበረባት። ምስኪኑ ቴርሞሜትሩን ይዞ ገባና በሩን በራሱ እጅ ዘጋ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሆን ከውስጥ ይሰማን የነበረው ሳሉ ቀረ። ጠቅላይ በሩን በእግሯ በርግዳ ስትገባ፣ ልጁ ከረባቱን እንዳሰረ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ሴቶቹ የያዙትን እየጣሉ ሮጡ፣ በብብቱና በእግሩ ተሸክመው ጥላ ሥር አወጡት፣ ውሃ አፈሰሱበት። እኔ የሰው ልጅ በእጄ ሞተ ብዬ በራሱ ቅጽ አራግበው ነበር። ዓይኑን እንደገለጠ ግን «ስንት ደረሰ?» አለ። ጠቅላይ «አንተ ልትደርስ ነበር» አለችው።

በሳምንቱ በፊርማዎ የተላከልን ውሳኔ ማሞቂያው፣ መስታወቱ፣ ጣሪያውና አካፋው መሟላታቸውን ያመሰግናል፤ ይሁን እንጂ «የምርት ሠራተኞች ጓንታቸውን ሳያወልቁ ከምርት ክፍል ወጥተው ምርት ያልሆነ አካል በመንካታቸው» አላለፋችሁም ይላል። ምርት ያልሆነው አካል ተቆጣጣሪዎ መሆኑን ለአንባቢ መግለጽ እወዳለሁ። ወደፊት ሰው ሲወድቅ ጓንት አውልቀን፣ እጅ ታጥበን፣ ፈርመን እናነሳለን።

ቁጥር አራትን ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ቀጥሎ የሆነው ቅሬታ ይሁን ምስጋና መለየት ስላቃተኝ ቁጥር ሳልሰጠው እነግርዎታለሁ። በዚያው ቀን ዝናቡ ገባ። ላስቲክ ቤት ውስጥ ያለው ማንጎ ፀሐይ አጥቶ በሦስተኛው ቀን ሻገተ፤ ሴቶቹም እየሰበሰቡ ደፉት። እኔና ጠቅላይ ሥራውን ልንዘጋ ተስማምተን፣ ዕቃ ልንቆጥር፣ ልጁ ከወደቀ ወዲህ ማንም ደፍሮ ያልገባባትን ልብስ መቀየሪያ ስንከፍት፣ በግርግሩ ሳናጠፋው የቀረው ማሞቂያ ገና ይነድ ነበር። አንዷ ሴት ልጁን ለማንሳት ስትሮጥ አግዳሚው ላይ የጣለችው ትሪም እዚያው ነበር። ማንጎው ደርቋል። ዝም ብሎ መድረቅ አይደለም፤ እንደ ማር ወርዝቶ፣ ሲያጥፉት የማይሰበር፣ ፀሐይ እንኳ እንዲህ አድርጋልን የማታውቅ ነበር። ጠቅላይ አንድ ቁራጭ አኝካ ዞር ብላ አለቀሰች። ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

በያጁ እርጥበቱ እንዲወጣ ግድግዳውን በስቶ ማራገቢያ አስገባልን። ከዚያ ወዲህ ውጭው እየዘነበ እኛ በዚያች ክፍል እናደርቃለን። ሁለቱ ሴቶችም ተመለሱ። ያ ወጣት ተቆጣጣሪ ሲሻለው መጥቶ፣ እንደገና መርምሮ፣ ቀምሶ፣ «ያልፋል» ብሎ ጻፈልን፤ ምስክር ወረቀቱም መጣ፤ አከፋፋዩም እንደ ቃሉ እስከዚያ ያደረቅነውን ሁሉ ወሰደ።

ደስታችን ዘጠኝ ቀን ቆየ። በአሥረኛው ቀን የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰን፦ «ልብስ መቀየሪያ ክፍሉን ከተፈቀደለት ዓላማ ውጭ ስለተጠቀማችሁበት፣ በአሥር ቀን ውስጥ ማንጎውን አውጥታችሁ ሠራተኞቹን እንድታስገቡ፤ ይህ ካልሆነ ምስክር ወረቀቱ የሚሰረዝ መሆኑን እናሳውቃለን።» ሴቶቹን ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።  አንደኛዋ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ የምንገባው ተቆራርጠን ነው ወይስ በቁማችን?» ብላ ጠየቀች።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ከመምሪያው መልስ ስለሚፈልግ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ። እስኪመልሱልን ድረስ ሴቶቹ ነፋሻው ላስቲክ ቤት ውስጥ ልብሳቸውን ይቀይራሉ፣ ማንጎውም ክፍሉ ውስጥ ይቆያል። ወረቀቱን ከሰረዙት ይሰርዙት፤ ዘጠኙም ሴቶች፣ በያጁም፣ ጠቅላይም፣ እኔም ተነጋግረን የወሰንነው ይህንን ነው።

ለብርዱ ይጠንቀቁ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት፣ የመምሪያዎን ደንብ ከእርስዎ ቀጥሎ ከማንም በላይ የማከብር፣

ጡረተኛዋ የጂኦግራፊ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ በድፍረት አይታይብኝ። መጀመሪያ መዝገብ ቤትዎ ወስጄው ነበር፤ ጸሐፊዋ ግን «መስፈርቶችን ከሞቃት አገሮች ጋር ማጣጣም» በሚል ርዕስ ለአርባ ቀን ሥልጠና ባሕር ማዶ መሄድዎን ነገረችኝ። ሉሌን አዙሬ አየሁት፤ በሄዱበት አገር አሁን በረዷማው ክረምት ከባድ ነው። የሥልጠናው አዳራሽ ማሞቂያ እንዳለው ይጠይቁ፤ ከሌለው ግን እኛ ጋ የሚሠራ በያጅ አለ።