የመሪጌታ ጉሮሮ

ቤተ ልሔም፣ ጋይንት
መጋቢት ፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለዶክተር ኤፍሬም ይበልጣል
ሐዋሳ

«ለምወድህ ልጄ» ብዬ እንድጀምር ጠብቀህ ከሆነ ጠብቅ። ስለ ጤናህም አልጠይቅም፤ ለሰው የምታድለው ለራስህ አያንስህም። እኔ እንደምን እንዳለሁ ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ባሕር ዳር ለመረመረኝ ሐኪም ደውለህ የጉሮሮዬን ፎቶ አስልከህ አየኸው አሉ። እኔ ስድሳ ዓመት ስዘምርበት ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበር።

ይህን በእጄ የምጽፈው ስልክ ለእኔ ስለማይረባኝ ነው። ድምፄ ከማለዳ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ይታዘዘኛል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ተቀደደ ወናፍ አየር ያወጣል እንጂ ቃል አያወጣም። እኅትህ አመለወርቅ ከንፋስ መውጫ መጥታ ስታስታምመኝ ሦስት ሳምንት ሆኗታል። «አባባ፣ ይጻፉና በስልኬ ፎቶ አንስቼ ልላክለት፤ አሁኑኑ ይደርሰዋል» አለችኝ። እንቢ አልኩ። ቁጣ በመኪና ሲሄድ ይሻለዋል፤ በመንገድ ትንሽ ይበርዳል። አንተ ያለ መኪና የላክኸው ምን እንዳደረገ አይቻለሁና።

ያለፈው እሑድ የመጻጉዕ ዕለት የንስሐ አባታችን መምሬ ይታየው ከቅዳሴ መልስ ወደ ቤት መጡ። ጥላቸውን አጥፈው በሩ ጥግ አስደገፉና ቆሙ። መምሬን ታውቃቸዋለህ፤ ክፉ ነገር መናገር ሲኖርባቸው መጀመሪያ ስለ ገብሱ ይጠይቃሉ። ስለ ገብሱ ጠየቁ። ስለ ባቄላው ጠየቁ። ስለ ላሚቱ ሲጠይቁ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ፤ ላሚቱን ከሸጥናት ዓመት አልፏል፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

«እኔስ ምን ላድርግ ብየ ነው የመጣሁት፣ መሪጌታ» አሉ በመጨረሻ። «ዶክተሩ ደውሎልኝ ነበር። መዳኛ እያለለት አልታከምም ያለ ሰው በገዛ እጁ ራሱን እንዳጠፋ ነው አለኝ። እንዲህ ሁነው ቢያርፉ ፍትሐት አይገባዎትም አለ። እንግዲህ እንዲያ ከሆነ ሥጋ ወደሙስ እንዴት አድርጌ ላቀብልዎ? የማውቀው እርስዎን እየጠየቅሁ ነበር። አሁን እርስዎን ስለ እርስዎ እንዴት ብየ ልጠይቅ?»

ሥራህን ተመልከት። አርባ ዓመት በዚህ ደብር ድጓ አስተምሬ፣ የዚህን አገር ሙታን በዜማ ሸኝቼ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ ደጁ እንዲዘጋ አስደረግህ። በቢላዋህ ሳይሆንልህ ቢቀር በቄሴ መጣህብኝ። መምሬ ደግ ሰው ናቸው፤ የተማረ ሰው ሲናገር ከመጽሐፍ ያገኘው ይመስላቸዋል። የእሳቸውን የዋህነት ልክ እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ ልጅ ሆነህ የጸበል ማሰሮ ስትሰብር እንኳ ድመት ነው ብለህ ያሳመንካቸው አንተ ነህ።

የሆነውን በእኔ ቋንቋ ልንገርህ፤ አንተ የምታውቀው በእንግሊዝኛ ነው። ጉሮሮዬ ውስጥ ካንሰር አለ። ማንቁርቴ ተቆርጦ ከወጣ፣ አንገቴ ላይ በሚበሳ ቀዳዳ እየተነፈስኩ፣ ያለ ድምፅ አምስት ዓመት፣ ምናልባትም አሥር እኖራለሁ። ካልተቆረጠ ክረምቱን አልሻገርም። ባሕር ዳር ያለው ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ይህን ሲነግረኝ እጄን ይዞ ነበር። «ያስቡበት» አለኝ። ከባሕር ዳር እስከ ጋይንት ያለው መንገድ ለማሰብ ይበቃል። አሰብኩበትና ቤቴ ገባሁ።

አንተ ያስቡበት አላልክም። የአልጋ ተራ አስይዘህልኝ ነው የደወልከው። በዕለተ መጻጉዕ የሚነበበውን ወንጌል ዲያቆን ሆነህ ስንት ጊዜ ሰምተኸዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የኖረውን ሰው ጌታ መጀመሪያ ያለው «ልትድን ትወዳለህን?» ነው። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ እንኳ ጠየቀ። አንተ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኸኝም፤ ብትጠይቀኝ ምን ልል እንደምችል ስለፈራህ ይመስለኛል።

ለአመለወርቅ የላክህላትን አነበበችልኝ። «ድምፅ ሕይወት አይደለም» ብለሃል። «ድጓ ምልክት አለው፤ አባባ የተማሪውን መጽሐፍ በጣቱ እያሳየ ሊያርም ይችላል» ብለሃል። በዚህ ነገር ሁለት ቀን እህል አልበላሁም። የተናደድኩት ስለተሳሳትክ አይደለም፤ ይቻላል። ይህ ይዘት ነው፣ ይህ ድፋት ነው እያልኩ በስንደዶ ስጠቁም መዋል እችላለሁ። ነገር ግን ተማሪ ዜማ ሲስት እየሰማሁ አፌን ከፍቼ ሳላቀናው መቀመጥ፣ ልጅ ወደ ገደል ሲሄድ እያዩ መጣራት አቅቶ እንደ መቆም ነው። ዘንድሮ ጾመ ድጓው ያለ እኔ ተጀመረ። መቋሚያዬን ተደግፌ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ባልደረቦቼ የሰሙኝ መስለው ተራዬን ይጠብቁልኛል። ይህን አሥር ዓመት አልችለውም። ትዕቢት ነው ካልከኝም ይሁን፤ ለትዕቢት ንስሐ አለው።

በአንተ ቃል የተነሣ ሰኞ ዕለት ደጀ ሰላሙ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቹ «ነፍስ አደራ ናት፤ ባለቤቱ ሳይጠይቅ አትመለስም» ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ «ባለቤቱ እየጠየቀ እኮ ነው፤ መልእክተኛውን ለምን ትቆርጡታላችሁ?» ይላሉ። ጎረቤታችን ንጉሴ እንኳ ለአጨዳ እንጂ ለነገር የማይሰለፈው፣ «በሬም ሲያረጅ ከቀንበር ይፈታል» ብሎ ገባበት። መምሬም «ለበሬ ፍትሐት አይደረግለትም» አሉት። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። በቁሜ ይፈታ አይፈታ እየተባልኩ ስከራከር ዋልኩ፤ ያውም ያለ ድምፅ።

ሞትን አልፈራም ብል እዋሻለሁ። ማታ ማታ ሲያፍነኝ እፈራለሁ። የምፈራውን ግን ሁለት አድርገህብኛል፤ በፊት መሞቱን ነበር፣ አሁን ያለ ዜማ እንደ ውሻ መቀበሩ ተጨመረበት።

እስካሁን ያልጻፍኩትን አሁን ልጻፍ። ይህን ሁሉ ገጽ በነገር የሞላሁት እዚህ ላለመድረስ ነው።

መምሬ ያን ዕለት ጥላቸውን አንስተው ከወጡ በኋላ ከደጃፍ ተመለሱ። «አንድ ነገር ረስቼ» አሉ። «ይህን የፍትሐቱን ነገር ማን አስተማረህ ብየ ዶክተሩን ጠይቄው ነበር። አባቴ ናቸው፣ ባሕር ዳር እናቴ አልጋ ሥር ቁሜ ከአፋቸው ነው የሰማሁት፣ እሳቸው አይረሱትም ብሎኛል።» አመለወርቅ ዕቃ እያጠበች ነበር፤ እጇን ከውኃው ሳታወጣ ቆመች።

አልረሳሁትም። ሐምሌ ፳፻፲፫ ነው። እናትህ የትናየት ኩላሊቷ ከከዳት ዓመት አልፎት ነበር፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከዚያ ማሽን ጋር ያስሯታል፤ ክንዷ በመርፌ ጠቁሯል። «መሪጌታ፣ በቃኝ» አለችኝ። «ወደ አገሬ ይመልሱኝ። የቤተ ልሔምን ደወል ሰምቼ ልሂድ። እርስዎ ብቻ ሂጂ ይበሉኝ።» አንተ የሕክምና ተማሪ ነበርክ፤ አልጋው ግርጌ ቆመህ «አባባ፣ እንውሰዳት» አልክ። እኔም ወደ አንተ ሳላይ፣ «የትናየት፣ ይህ ራስን ማጥፋት ነው፤ ፍትሐት ይከለከልሻል» አልኳት።

አምስት ዓመት ሙሉ ለራሴ ስለማምንበት ነው ያልኩት እላለሁ። ማመኑንስ አምን ነበር። የተናገርኩት ግን ስለማምን አልነበረም። ወደ ባዶ ቤት መመለስ ፈርቼ ነው። እሷን የማቆይበት ሌላ ገመድ ሳጣ መጽሐፉን ገመድ አደረግሁት።

እሺ አለች። ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት ያሏትን ሁሉ እሺ አለች። መርፌ ሲሏት እሺ፣ ማሽን ሲሏት እሺ፣ ሾርባ ሲሏት እሺ። ደወሉን ዳግመኛ አላነሣችውም። ነሐሴ ላይ ስታርፍ ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶት ሬሳዋን ማምጣት አልቻልንም፤ ስሟን ከማያውቅ ደብር ቀበርናት። አንተም ከአርባዋ በኋላ ቤተ ልሔምን አልረገጥክም። ለምን ብዬ ጠይቄህ አላውቅም፤ መልሱን ከአፍህ መስማት ስላልፈለግሁ ነው።

እንግዲህ፣ ዶክተር፣ ብድርህን መልሰሃል። ዒላማህ ጥሩ ነው፤ የወረወርኩት ድንጋይ ከአምስት ዓመት በኋላ ዞሮ ግንባሬን አገኘው። ነገር ግን እኔ ያን ቃል ስናገር የምወዳት ሚስቴ ልትሄድብኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። አንተ ቢሮህ ተቀምጠህ፣ አስበህ፣ ቁጥር መትተህ ተናገርከው። ከሁለታችን ማን ይከፋል? እኔ መልሱን አላውቀውም። ምናልባት አንተም ስትደውል ፈርተህ ይሆናል፤ እኔ አላየሁህም።

ትናንት መምሬን አስጠርቼ የእናትህን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። አለቀሱ። ቀኖና ሰጡኝ፤ ምን እንደሆነ አልነግርህም። ስለ እኔ ፍትሐት ስጠይቃቸው ግን «እኔ ምን አውቄ፤ ቃሉን ያመጣው ዶክተሩ ነው፤ እሱ ያንሣው» አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ ከአንተ እጅ ነው። ደውልላቸውና ቃልህን አንሣ።

ለእኔ የምጠይቅህ ግን ሌላ ነው። በተማሪነቴ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ካደግሁ ወዲህ ማንንም ምንም ለምኜ አላውቅም። አሁን አንተን እለምንሃለሁ። መቆረጥ አልፈልግም። ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ የምመልስልህ ይህን ነበር። ለእናትህ የነፈግኋትን ቃል አንተ ለእኔ ስጠኝ፤ ይሂዱ በለኝ። ይህን ለማለት የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም፤ ልጅነት ይበቃል።

ካልቻልክም አልጣላህም። ከአመለወርቅ ጋር ተሳፍሬ ሐዋሳ ድረስ እመጣለሁ። አልጋ ስትለኝ እሺ፣ ቢላዋ ስትለኝ እሺ፣ ቀዳዳ ስትለኝ እሺ እላለሁ፤ በአንገቴ እየነቀነቅሁ፣ ድምፅ አይኖረኝምና። አሥር ዓመት ቤትህ ተቀምጬ ያን እሺታ ታየዋለህ። የእናትህን ፊት ካልረሳኸው የእኔም ከዚያ የተለየ አይሆንም።

የምጽፈው ይህን ያህል ነው። አመለወርቅ ከትከሻዬ ላይ እያነበበች «ምርቃት የለውም?» አለችኝ። በወረቀት አልመርቅም። ምርቃት እጅን ራስ ላይ ጭነው በአፍ የሚሰጡት ነገር ነው፤ አባቴም ያን ያህል ሲቆጣኝ ኖሮ በወረቀት አልሰደደልኝም።

ደብዳቤውን ግን በስልኳ ፎቶ ታንሳው ብያለሁ፤ መኪና ይዘገያል። ከደብረ ታቦር የሚነሣው ሚኒባስ ንፋስ መውጫ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ድምፄ አልቋል። እዚያው አመለወርቅ ቤት አድሮ በማለዳ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ግን ይደርስበታል። መደብህ ላይ አዲስ አጎዛ ተነጥፏል፤ ለእንግዳ ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን ንጉሴ ትናንት ከገበያ ሲመለስ ነግሮኛል፤ የነገውን አላውቅም። ድምፄ እስከ ሆሣዕና ይቆይ ይሆናል፤ ለፋሲካ ግን አይደርስም።

አባትህ
ይበልጣል