የስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ እንቅልፍ

ይድረስ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እህቴ፣

እታለም፣ ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ያ ወገብሽን ይዞ አላላውስ ያለሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ወንበሩን በትራስ ደግፈሽ ነው የምትሠሪው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቋ ፈተናዋን መጨረሷን፣ ትንሹ ደግሞ ጥርሱን ተነቅሎ ሰፈሩን በጩኸት ማናወጡን ጽፈሽልኛል፤ ሁለቱንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ባልሽንም ሰላም በይልኝ። እኔ በሰውነቴ ደህና ነኝ። ቤቱም ከአባባ በቀር ምንም አልጎደለበትም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈው ብለሽ ትገረሚ ይሆናል። በስልክ ብጀምርልሽ ሁለተኛው ቃል ላይ ታቋርጪኛለሽ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቅሻለሁ። ካቋረጥሽኝ ደግሞ እኔም ሰበብ አገኘሁ ብዬ እተወዋለሁ። ስለዚህ እባክሽ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ባለፈው የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አየሁት። የአባባን ሰዓት በሚመጣው ሰው እጅ ላክልኝ፣ የልብ ትርታቸውን መጨረሻ የሰማው እሱ ነውና እኔ ዘንድ ይቀመጥ ብለሻል። የመጨረሻዋን ሌሊት የእንቅልፍ ግራፍ አሳትመሽ ከአልጋሽ ራስጌ እንደለጠፍሽውም ነግረሽኛል። ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሳይሰቃዩ ተኝተው ነው የሄዱት፣ እኔንም እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱን እያየሁ ነው ብለሽ ጽፈሻል። እዚህ ላይ ስደርስ ስልኩን ደፍቼው ወደ ውጭ ወጣሁ።

እታለም፣ ሰዓቱ የአባባ አይደለም። በአባባ እጅ ላይ ያደረው ሁለት ሌሊት ብቻ ነው፤ እሱም ሁለተኛውን በግማሽ።

ሰዓቱን የላክሽው ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከመታቸው ከሦስት ወር በኋላ ነበር። ከሩቅ ሆኜ ሌላ ምንም ባላደርግላቸው እንቅልፋቸውን እንኳ ልጠብቅላቸው ብለሽ ነው። ሲተኙ ብቻ እሰርላቸው፣ ስንት ሰዓት እንደተኙና ስንት ጊዜ እንደነቁ ጠዋት ጠዋት ስልኬ ላይ ይመጣልኛል አልሽኝ። አሰርኩላቸው። በማግስቱ ተቆጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ሰዓት ያሰርኩት ለመንገደኛው ብዬ ነው፣ አሁን ማንን ላደርስ ነው የምታስሩኝ አሉ። በሁለተኛው ሌሊት በጤነኛው እጃቸው ፈትተው ትራሱ ሥር ወሸቁት።

ጠዋት ደወልሽልኝ። ምንም አልመጣልኝም፣ ቻርጅ ማድረግ ረሳህ፣ አንድ ነገር አደራ ቢሉህ አይሆንልህም አልሽኝ። ማታ ላስርላቸው ስል እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቁት። እሳቸውም ልክ እንዳንቺ ናቸው፤ እምቢ ካሉ እምቢ ነው። እኔ ደግሞ በሁለታችሁ መሐል ገብቼ መነታረክ ሰልችቶኝ ነበርና ለዛሬ ብቻ ብዬ ራሴ አሰርኩት። ነገ እነግራታለሁ፣ ትንሽ ትሰድበኛለች፣ ከዚያ እንሳሳቃለን ብዬ ነበር።

በነጋታው ስትደውዪ ግን ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ነቅተዋል አልሽኝ። አንተ ከግድግዳው ማዶ ተኝተህ እንዴት አትሰማቸውም፣ አንተ እንደሆነ ከተኛህ ሬሳ ነህ አልሽኝ። አሥራ አንድ ጊዜ የነቃሁት እኔ ነበርኩ። ንዴቱ አፌን ያዘኝ። እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ ደግሞ ንዴት ብቻም አልነበረም። እማማ ከሞተች ወዲህ ሰው ስለ እንቅልፌ ሲጨነቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ለአባባ መሆኑን እያወቅሁም ደስ ብሎኝ አዳመጥኩሽ።

አባባማ ይተኙ ነበር። ሌሊት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለቴ ሽንታቸው ሲመጣ ግድግዳውን በከዘራቸው መታ መታ ያደርጉታል፤ እኔ ተነስቼ ዕቃውን አቀብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ወዲያው መልሰው ያንኮራፋሉ። የማልተኛው እኔ ነኝ። ሳይመቱ የመቱ እየመሰለኝ እነሳለሁ። ጸጥ ሲሉ ደግሞ ጸጥታው ያስነሳኛል፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል አይቼ እመለሳለሁ። አንቺ በየጠዋቱ ስታነቢው የኖርሽው ይህንን ነው።

ቁጥር ስትወጂ ለጉድ ነው፤ ቢሮሽም ያስተማረሽ እሱን ነው። ሳምንቱን ከሳምንት እያስተያየሽ መመሪያ መላክ ጀመርሽ። መጋረጃው ይወፍር፣ ፍራሹ ይቀየር፣ ከቀትር በኋላ ሻይ እንዳይቀምሱ። ሻያቸውን ስከለክላቸው ምን አጠፋሁ ብለው ጠየቁኝ፣ እውነት እንደ ልጅ ነው የጠየቁኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ይብስባቸዋል፣ ሐሙስ ምንድን ነው የምታበላቸው አልሽኝ። ሐሙስ እኔ ማተሚያ ቤት የማመሽበት ቀን ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ወረቀት መቁረጫው ላይ ነኝ፤ ቢላው አንዴ ሲወርድ አምስት መቶ ወረቀት ይዞ ነው የሚወርደው። ሁለቱን ቁልፎች በሁለት እጅ ካልተጫኑት አይሠራም፣ ጣቶቼም የተረፉት በዚህ ምክንያት ነው። በአምስተኛው ሳምንት ማሽኑ ላይ ቆሜ አንቀላፋሁ። አንድ ሙሉ ቁልል የተማሪ መጽሐፍ ሽፋን አርዕስቱን ለሁለት ሰንጥቄ ጣልኩት። ፎርማኑ አልተቆጣኝም። ዓይኔን አየት አደረገና ከዛሬ ጀምሮ ማሸጊያ ክፍል ሂድ፣ ካርቶን እሰር አለኝ። አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ማሽን አሁን ሌላ ሰው ይሠራበታል። ይህን አልነገርኩሽም፤ አንቺ የዚያን ዕለት አባባ ከአራት ሰዓት በላይ አልተኙም ብለሽ ታለቅሺ ነበር።

የሐኪሙን ቀጠሮ የያዝሽው አንቺ ነሽ። የስድስት ሳምንቱንም የእንቅልፍ ወረቀት ቀድመሽ ልከሽላቸዋል። አባባን ደጋግፌ ወስጄ ፊታቸው አስቀመጥኳቸው። ሐኪሙ የመረመሩት ወረቀቱን ነው። አባባ፣ ዶክተር እኔ እንቅልፍ ላይ ችግር የለብኝም አሏቸው። ሐኪሙ ፈገግ ብለው፣ አባቴ፣ የተኛ ሰው ስለ እንቅልፉ አያውቅም፣ ይሄ ግን ያውቃል አሉና ወረቀቱን በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረጉት። አባባ ዞረው አዩኝ። ምስክር እንድሆናቸው ነው፤ ሲያንኮራፉ የሚሰማቸው ከእኔ ሌላ ማን አለ? ሰዓቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ማታ ማታ ግማሽ ፍሬ የእንቅልፍ ኪኒን ታዘዘላቸው። የእኔን በሽታ መድኃኒት እሳቸው ዋጡት፤ እየሰጠኋቸውም ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ቀኑን ሙሉ ይፈዙ ነበር፤ ማንኪያው አፋቸው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቆማል። ስሜ ጠፍቷቸው በአንቺ ስም ይጠሩኝ ጀመር። በስምንተኛው ቀን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተንሸራተው ወደቁና ጉንጫቸው በለዘ። አንቺን ያሳሰበሽ ግን ግራፉ ፈቀቅ አለማለቱ ነበር። ሐኪሙን አስፈቅደሽ ሙሉ ፍሬ አስደረግሽው።

ያን ጊዜ ተውኩት። ብልቃጡን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። በአራት ቀን ውስጥ አባባ አባባን ሆኑ፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው የሚያልፈውን አውቶቡስ ሾፌር በማርሽ አያያዙ ይሰድቡት ጀመር። ያን ቀን ልነግርሽ ይገባ ነበር። ስልኩን አንስቼ ነበር እኮ፤ ዘጠኙን ቀን ደግሞ ምን ብዬ እነግራታለሁ አልኩና መልሼ አስቀመጥኩት።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ደወልሽ። ሙሉ ፍሬ ወስደውም ሦስት ሰዓት ብቻ ተኙ፣ እኔም ቢሮ ቁጥር ይምታታብኝ ጀምሯል፣ የፈቃድ ቅጽ ሞልቼ እመጣለሁ አልሽ። ብትመጪ ሁሉን ታውቂያለሽ። አይዞሽ፣ ዛሬ ይተኛሉ አልኩሽ። ስልኩን ዘግቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ለአንቺ ብዬ ነው፣ አንድ ቀን ጥሩ ግራፍ አይታ ልቧ ይረፍ ብዬ ነው ልልሽ አስቤ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ደክሞኝ ነው። እንዴት ደክሞኝ እንደነበር በቃል አልችለውም፤ አንቺ ዘንድ ግን ተጽፎ አለ፣ ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ አንብበሽዋል።

ሙሉውን ፍሬ ዋጥኩት። ለአባባ ውሃ አስቀመጥኩላቸው፣ ከዘራቸውን በቀኝ እጃቸው በኩል አጋደምኩላቸው፣ ደህና እደሩ አልኳቸው። ነገ ጺሜን ትላጨኛለህ፣ ለማኝ መሰልኩ አሉኝ።

ስነቃ ፀሐይ ወለሉ ላይ ደርሳ ነበር። ራሴ ከብዶኝ ትንሽ ተጋደምኩ፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይህንን ልደብቅሽ አልችልም። ያንቺ የድምፅ መልእክት ገባ። ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፣ ሰማህ ወይ፣ ለጥ ብለው ነው ያደሩት፣ ተመስገን ነው አልሽ። እየሳቅሽ ነበር። የአባባን በር ስገፋው መልእክትሽ ገና አላለቀም።

ቀዝቅዘው ነበር። በእንቅልፋቸው ሄዱ ብዬ የነገርኩሽ እኔ ነኝ፤ ለጎረቤቱም ለዘመዱም ያልኩት ይህንኑ ነው። አጋደማቸው ግን የተኛ ሰው አጋደም አልነበረም። አንድ እግራቸው ከአልጋው ወርዷል፣ ውሃው ተደፍቷል፣ ከዘራው ወለሉ ላይ ነው። ሰው ከመጥራቴ በፊት አቅንቼ አስተኛኋቸው። ለቀብር ስትደርሺ ክፍላቸው ውስጥ የቀለም ሽታ አስነጥሶሽ ነበር። በዚህ ሐዘን መሐል ግድግዳ ምን አስቀባህ ስትዪኝ ሰው ስለሚመጣ ነው አልኩሽ፤ የሸፈንኩት ግን የዚያን ሌሊት ከዘራቸው ደጋግሞ የላጠውን ቦታ ነው።

ይህን ሁሉ ለምን ዛሬ እንደምነግርሽ ትጠይቂ ይሆናል። ዝም ብል አንቺ ትተኛለሽ፣ ሌላም የሚያውቅ የለም። አንቺ በእኔ ውሸት ስትተኚ ማወቁ ግን ከበደኝ። ሰዓቱን ከፈለግሽው እልከዋለሁ፤ የሰማው የእኔን ትርታ መሆኑን ግን አውቀሽ ተቀበዪው።

አንድ ያልመለስኩልሽ ጥያቄ አለ። ግራፉ ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ አንዲት ቀይ ጭረት አለች፣ ሁለት ደቂቃ ነቅተዋል ትላለች፣ ውሃ ጠጥተው ይሆን ወይስ እኛን አስበው ይሆን ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሰዓቱ በማን እጅ ላይ እንደነበረ ነግሬሻለሁ። ከእኔ አልጋ እስከ አባባ በር ዘጠኝ እርምጃ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እለካዋለሁ፤ ቀስ ብዬ ስሄድ እንኳ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

መልስ ባትጽፊልኝ አልቀየምሽም። ፈጣሪ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ወገብሽን ይማርልሽ፣ የአባባንም ነፍስ በደህና ቦታ ያሳርፍልን። አንቺን እንቅልፍ አይንሳሽ።

አዝለሽ ያሳደግሽው ወንድምሽ